ስለ ደስታ የተተረቱ ምሳሌዎች፦ ለጥሪ ወረቀት የሚሆነው፣ ለንግግር የሚሆነው፣ ባይነሣ የሚሻለው

ጥያቄ፦ «በመጪው ጥር የእኅቴ ልጅ እዚሁ ሜሪላንድ ታገባለች። በቤተሰቡ ስም አምስት ደቂቃ እንድናገር ተጠይቄአለሁ፤ ለጥሪ ወረቀቱም አንድ የአበው አባባል እንድመርጥ ታዝዣለሁ። ስለ ደስታ የሚናገሩ ተረትና ምሳሌዎች ስፈልግ ያገኘኋቸው ሁሉ ‹ደስታ ማለት…› ብለው የሚጀምሩ ናቸው። ለእናቴ ባነብላት ‹እነዚህን ደግሞ ማን ተረታቸው?› አለችኝ። እውነተኞቹ የትኞቹ ናቸው? እንዴት ልለያቸው? ከታዳሚው ግማሹ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው።»

ምላሽ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። «ደስታ ማለት…» ብሎ የሚጀምር ነገር ሲያዩ መጠርጠር አለብዎት። ተረትና ምሳሌ ሐሳብን አይተነትንም፤ ዕቃ አንሥቶ ያሳያል እንጂ። ጎመን፣ ፍትፍት፣ ሎሚ፣ ገል፣ ማሽላ፣ ቀሚስ ያነሣና ቀሪውን ለሰሚው ይተዋል። ስለዚህ ፍለጋዎን «ደስታ» በሚለው ቃል ከጀመሩ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ያመልጡዎታል። ባለው ስለ መርካት፣ ከሰው ጋር ስለ መሆን፣ ክፉ ቀን ስለ ማለፉ፣ ከላይ ስለሚታይ ሳቅ የተባሉትን ይፈልጉ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ደስታ ያለውን የተናገረው እዚያ ነው።

በጣም ከሚታወቀው ልነሣ፤ «ጎመን በጤና»። ሁለት ቃል ነው፣ ግስ የለውም፤ «ይሻለኛል» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ሥጋና ቅቤ ከጭንቀት ጋር ከሚሆንብኝ፣ ጎመኔን በሰላም ልብላ እንደ ማለት ነው። ጎመኑ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ሲገፋ፣ ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ሳይደርስ፣ ከጓሮ ተቀንጥሶ ምንቸት ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ የችግሩ ድስት ይውጣ፣ የጥጋቡ ይግባ ማለት። ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አንዱ ጎመንን ያባርራል፣ ሌላው ይመርጠዋል። ብዙ ሰው «ጎመን በጤና»ን የድህነት ውዳሴ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ በእኔ እይታ ግን ስሕተት ነው። ተናጋሪው ጎመኑ የችግር ምግብ መሆኑን በሚገባ ያውቃል። አውቆ መምረጡ ነው አባባሉን የሚያከብደው። ቦታውም ይህንኑ ያሳያል፤ በውርስ ክርክር ወንድሙን ፍርድ ቤት ከማቆም ድርሻውን የተወ ሰው፣ ደመወዙ ቢጨምርም ጠብ ከማይጠፋበት መሥሪያ ቤት የወጣ ሰው «ጎመን በጤና» ይላል።

መጽሐፈ ምሳሌ 15፥17 ላይ በፍቅር የሚበላ ጎመን ጥል ባለበት ከሚበላ ከሰባ ፍሪዳ እንደሚሻል ተጽፏል። ሐሳቡ ይቀራረባል፤ ሰዎችም ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል። መጽሐፉን ከጠቀሱ ምዕራፉንና ቁጥሩን ይናገሩ፤ የሕዝቡን ከጠቀሱ በሁለት ቃሉ ይተዉት። ለንግግርዎ መሐል «ጎመን በጤና» ይሆናል። ለጥሪ ወረቀት ግን አይሆንም፤ ተጋባዡ ዘንድሮ ሠርጉ የጾም ነው እንዴ ብሎ መሳቁ አይቀርም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ከዚህ ጋር ይሄዳል። ይህም ግስ የለውም። ፍትፍት እንጀራ በወጥ ተፈትፍቶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው፤ ከእሱ ግን የአቅራቢው ፊት ይበልጣል። ፊቱን አጨማዶ ቅቤ ከሚያቀርብ፣ ፈገግ ብሎ ሽሮ የሚያቀርብ ይሻላል ማለት ነው። ድምፁን ልብ ይበሉ፦ ፍ፣ ት፣ ፍ፣ ቱ፤ ፊ፣ ቱ። ፍትፍት የሚለው ቃል ራሱ ውስጡ ፊት አለበት፤ ሲነገር አንዱ ከሌላው እየወጣ ይሰማል። «ከምግቡ የአስተናጋጁ ፈገግታ ይሻላል» ብለው ቢያስተካክሉት ትርጉሙ ይቆያል፣ ምሳሌው ይሞታል። አንድ ጥንቃቄ፦ ይህን የሚናገረው እንግዳው ነው። ደጋሹ ራሱ ሲናገረው «ምግቡ ካነሰ ይቅር በሉኝ» የሚል ይመስላል። እርስዎ በደጋሹ ቤተሰብ ስም ስለሚናገሩ አቅጣጫውን ያዙሩት፤ ከሩቅ የመጡትን እንግዶች ሲያመሰግኑ «እኛ ፍትፍቱን አቀረብን፤ እናንተ ግን ፊታችሁን ይዛችሁ መጣችሁ» ቢሉ አባባሉ ሳይነካ ቦታውን ያገኛል።

ለጥሪ ወረቀቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሃምሳ ሎሚ አቅፎ የሚሄድ ሰው እጁ ይታሰራል፣ አንዱን ሲይዝ አንዱ ይወድቅበታል። ለሃምሳ ሰው ሲታደል ግን በእያንዳንዱ እጅ አንድ ሎሚ ይሆናል፤ የሚሸተት፣ የሚያዝ፣ የሚያምር። የሠርግ ጥሪ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደስታችን ለብቻችን ይከብደናልና ኑ ተካፈሉን። በዚያ ላይ ሠርጉ በጥር ነው፤ በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር ስለ ነበር፣ ለወሩም ሎሚው እንግዳ አይደለም። እዚያ ያደጉት ልጆች አባባሉን በጆሯቸው ብቻ ከሚሰሙት በእጃቸው ቢይዙት ይሻላል፤ በየጠረጴዛው አንድ ሳሕን ሎሚ ያስቀምጡና ንግግርዎ እዚያ ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እንዲያነሣ ይጠይቁ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ከማንኛውም ማብራሪያም ይበልጣል።

ይህንኑ ከጨለማው ጎን የሚናገረው «ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል» ሐሳቡ አንድ ቢሆንም ለሠርግ አይወጣም። ሞት የሚለው ቃል ያለበትን ምሳሌ በሙሽሮች ፊት ማንሣት ሽማግሌዎቹን ያስከፋል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» በየትም ቦታ ይሆናል፤ ሆኖም በዝቶ ከመነገሩ የተነሣ ሰው ሳይሰማው ያልፋል።

ጥር ካነሣን ደግሞ፣ ያለ ምንም ምፀት ስለ ደስታ ከተባሉት መካከል አንደኛው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነው። ጥር 11 ቀን ያልተለበሰ ቀሚስ ለምን ቀን ይቀመጣል? ዓመት ሙሉ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ የኖረ ልብስ መውጫው ቀን ሲደርስ ካልወጣ ጨርቅ ነው። አብዛኛው ምሳሌያችን ቆጥብ፣ ታገሥ፣ ተጠንቀቅ ሲል ይህ አንዱ አውጣው፣ ልበሰው ይላል። ወጣቶቹ ጭፈራ ሊጀምሩ ሲሉ ቢነገር ቦታው ነው። ሽማግሌዎች ገንዘብ አባከናችሁ ብለው ላጉረመረሙበት ሠርግም ጨዋ መልስ ይሆናል።

አሁን ወደሚያደናግሩት ልምጣ። በየሥዕሉ ላይ ተለጥፈው ስለ ደስታ የሚዞሩ አንዳንድ እውነተኛ ምሳሌዎች፣ ትርጉማቸው ከተለጠፉበት ቦታ ጋር አይገናኝም።

«ሺ ቢታለብ እኔ በገሌ አለች ድመት» ብዙ ጊዜ «ባለህ ተደሰት» ተብሎ ይተረጎማል። ግማሽ እውነት ነው። ገል የተሰበረ የሸክላ ዕቃ ስባሪ ነው፤ ላም ሲታለብ ለድመቷ ጠብ የሚደረግላት በእሱ ነው። አንድ ላም ታለበች ሺ ላም ታለበች፣ የድመቷ ድርሻ የገሉን ያህል ነው። ስለዚህ አባባሉን የሚናገረው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ በእውነት ያለው የበቃው ነው። ሌላው ከሀብቱ የማይደርሰው፣ አገር ቢያድግ ድርጅት ቢያተርፍ የእሱ ገል እንደማትሰፋ ያወቀ ሰው ነው፤ በዚህኛው አፍ ምሬት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት በተናጋሪው ድምፅ ነው። ጽሑፍ ላይ ድምፅ የለምና በካርድ አይጻፍም። የቅርጹ ነገርም አለ፦ «አለች ድመት» የሚለው ጭራ የምሳሌው አካል ነው። ነገሩን የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፣ ድመት ናት ብሎ ተናጋሪውን ይሸሽገዋል። ሲጠቅሱ ጭራውን አይቁረጡ።

«ማሽላ እያረረ ይስቃል» ደግሞ የሳቅ ምሳሌ ነው ተብሎ በሥዕል ከፈገግታ ጋር ሲወጣ ይታያል። ማሽላ በጋለ ምጣድ ላይ ሲቆላ ፍሬው ይፈነዳና ነጩ ውስጡ ብቅ ይላል፤ ጥርሱን የገለጠ ሰው ይመስላል። የሳቀው ግን ስለ ተቃጠለ ነው። አባባሉ የሚነገረው ውስጡ እያረረ ከሰው ፊት ስለሚስቅ ሰው ነው፤ በአብዛኛው ሰውዬው ስለ ራሱ ይናገረዋል፤ «ምን ላድርግ፣ እያረርኩ መሳቅ ነው እንደ ማሽላ» ይላል። ይህን አባባል ለሙሽሪት መልካም ምኞት አድርጎ መላክ ምን ማለት እንደሚሆን ልብ ይበሉ! «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጥርስ ባዳ ስለሆነ የልብን ሐዘን አይካፈልም፣ ለመጣው ሁሉ ይገለጣል። ሁለቱም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ ሕዝቡ ሳቅንና ደስታን ለይቶ ነው የሚያያቸው። በስደት ለሚኖር ሰው ሁለቱም በጣም የሚገቡ ናቸው፤ ለብቻ ለሚደረግ ጨዋታ ያቆዩአቸው።

በአደባባይ የሚታይ ደስታ ላይ የሚቀልደው ግን አንድ አለ፤ «ከባልሽ ባሌ ይበልጣል፣ ሽሮ አበድሪኝ።» የመጀመሪያው ግማሽ ጉራ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ቤቱን ያጋልጠዋል። ስልክ በየኪሱ ካለና ትዳሩን ሁሉ ሰው በፎቶ ከሚያሳይበት ጊዜ ወዲህ ይህ አባባል እንደ አዲስ ሕይወት ዘርቷል። በሴቶቹ ጨዋታ መካከል ሳቅ ያመጣል፤ በድምፅ ማጉያ ግን አይሞክሩት፤ ከአዳራሹ አንዷ ለእኔ ነው ብላ መነሣቷ አይቀርም።

«የደላው ሙቅ ያኝካል» እንዲሁ ነው። ሙቅ ይጠጣል እንጂ አይታኘክም፤ የተመቸው ሰው ግን ሥራ ስለሌለው እሱንም ያኝካል። ድሎትን መንካት ነው፣ ታናሽ ለታላቁ አይለውም። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ደግሞ በብዛት ከሚነገሩት ነው፤ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ የሚያዜሙትን ዘፈን ዓመቱን ሙሉ የሚደግም ሰው ሞኝ ነው ይላል። አበባው በወቅቱ ያምራል፤ ኅዳር ላይ አደይ አበባ የለም። ስለ ደስታ ከተባሉት መካከል ለእኔ ከጥልቆቹ አንዱ ነው፤ ደስታ ወቅት አለው፣ ካለፈ በኋላ ማስመሰል ያስቃል ይላል። ለንግግር ግን «ሞኝ» የሚለው ቃል ያስቸግራል፤ ታዳሚው ሞኙ ማን እንደሆነ መፈለግ ይጀምራል።

ለሙሽሮች ምክር ከፈለጉ «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለ። ያለንን በማጣት ብቻ የምናውቅ ሰዎች መሆናችንን ከዚህ የተሻለ የሚናገር አላውቅም። አነጋገሩ ግን ብልሃት ይፈልጋል። ለአንዱ ብቻ ዞረው ከተናገሩት ወቀሳ ይሆናል፤ ሙሽራውን እያዩ ከተናገሩ የወንዱ ወገን፣ ሙሽሪትን እያዩ ከተናገሩ የራስዎ ወገን ቅር ይለዋል። ለሁለቱም፣ ደግሞም በወደፊት ምኞት መልክ ያድርጉት፤ «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እናንተ ሁልጊዜ ወርቁን ወርቅ በሉት» ማለት ይበቃል። ዘመዱ የሆነው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሌላ ነገር ነው። ቆጥ ከፍ ብሎ የተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሴትዮዋ በብብቷ የያዘችውን ረስታ እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ የያዘችው ወደቀ። በትዳር ላይ ሲነገር ሌላ ሰው መመኘትን ያስጠረጥራል። በሠርግ ቀን አይነሣም፣ ጨርሶ።

ስለ ተስፋ ከተባሉት «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም»ን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድግሱን ሳያዘጋጅ ሰውን አያስከፋም፣ ከክፉው ጀርባ ደግ ነገር ተሰናድቷል ማለት ነው። ድግስ የሚለው ቃል ስላለበት ለሠርግ የሚስማማ ይመስላል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይመጣል። የሚነገረው ችግር ላይ ላለ ሰው ነው፤ ሥራ ላጣ፣ እጮኝነቱ ለፈረሰበት። በሠርግ ላይ ሲነሣ «ከዚህ በፊት ምን ደርሶባት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይጭራል፤ በተለይ ሙሽሪት ወይም ሙሽራው ቀድሞ ያገባ ከሆነ። ለሐዘንተኛም በለቅሶው ሳምንት አይባልም፤ እንባው ትኩስ ሳለ «ተደግሶልሃል» ማለት ጭካኔ ይሆናል። ሙስሊምና ክርስቲያን በተቀላቀለበት ጉባኤ «ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም» ቢሉት ምንም አይጎድለውም። «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ከዚህ ይቀላል፣ በየትም ቦታ ይሄዳል።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» የምትለዋን ልጨምር፤ ውጭ አገር ያደጉትን ግራ ስለምታጋባ። ምቀኛ እንዲጠፋ መጸለይ ሲገባ እንዳይጠፋ ይለመናል? የሚቀናበት የሌለው ሰው ምንም የሌለው ሰው ነውና። ዕድገት አግኝቶ ሐሜት ለበዛበት ወዳጅ በቀልድ የምትነገር ናት።

እነዚህን እንዲህ መለየት የሚቻለው በምንድን ነው? እኔ የምጠቀምበት ዋናው ፈተና የግማሽ ፈተና ነው። ምሳሌውን ከመሐሉ ይቁረጡትና የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ለአንድ አዋቂ ሰው ይናገሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው…» ብለው ዝም ቢሉ፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ሽማግሌ ሳያስብ ይጨርሰዋል። የውሸቱን ማንም አይጨርሰውም፤ ወይም ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አድርጎ ይጨርሰዋል። ከአንድ አካባቢ ብቻ ሰው አይጠይቁ፤ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሸዋ ላይ መጠነኛ የቃል ልዩነት ያለ ነው። ልዩነቱ «ሸክሙ ነው» እና «ሸክም» ያህል ከሆነ አይጨነቁ፤ ዕቃው ከተቀየረ፣ ሎሚው ብርቱካን ከሆነ ግን አንድ ሰው ነካክቶታል። ሁለት ቃል ብቻ ላላቸው እንደ «ጎመን በጤና» ላሉት ግማሹን መቁረጥ አይሠራም፤ ለእነሱ «ይህን መቼ ትሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እውነተኛ ምሳሌ የሚነገርበት ቦታ አለው፤ መልሱ ቶሎ ይመጣል።

ሌላው ምልክት የአነጋገሩ አጥንት ነው። እውነተኛው አጭር ነው፤ ግሱን ይጥላል ወይም ወደ መጨረሻ ያባርረዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ቤት ይመታሉ ወይም ድምፅ ይዋዋሳሉ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ላይ ምሳሌና ብርሌ እንደተገጣጠሙት። «ገንዘብ ደስታን ሊገዛ አይችልም»፣ «ደስታ በመንገዱ እንጂ በመድረሻው አይደለም» የሚሉት ግን ከውጭ ቋንቋ ተተርጉመው የገቡ ናቸው፤ ስምና ግስ እንደ ደብዳቤ ተሰልፈዋል፣ የሚዳሰስ ነገር የለባቸውም። ሐሳባቸው ክፉ ነው አላልኩም። «አበው እንዳሉት» ብለው አይጥሯቸው ነው የምለው። ስለ ገንዘብ የሀገራችን ሰው ያለው እንዲያውም ወደ ሌላ ያዘነብላል፤ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ነው ያለው።

ሦስተኛው አደናጋሪ ከመጽሐፍ የመጣው ነው። «ለሁሉም ጊዜ አለው» የመጽሐፈ መክብብ ሐሳብ ነው፣ ደስ ያለው ልብ መድኃኒት እንደሆነ የሚናገረውም መጽሐፈ ምሳሌ 17፥22 ነው። ብዙ ስለተነገሩ የሕዝብ ተረት ይመስላሉ። ካህን ወይም ሰባኪ ባለበት አዳራሽ የአበው ተረት ብለው ቢያቀርቡዋቸው የሚያርምዎ አይጠፋም። የታተመ ስብስብ ማየት ከፈለጉና አዲስ አበባ የሚልኩት ሰው ካለ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሂድልዎ። የድሮ ስብስብ ሲያገላብጡ ግን ሁሉንም አይውሰዱ፤ «ቀን እስኪያልፍ የአባትህ ባሪያ ይግዛህ» የመሳሰሉት ትዕግሥትን የሚናገሩ ቢሆኑም ቃላቸው ዛሬ ሰው ያቆስላል። ሐሳቡን ከፈለጉት «ቀን ያልፋል» ማለት ብቻ ይበቃል።

ንግግሩን በተመለከተ። ለአምስት ደቂቃ ሦስት ምሳሌ ጣሪያው ነው፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ምሳሌ መደርደር ይሆናል፣ ሰውም ቀጣዩን መጠበቅ ትቶ ምግቡን ማየት ይጀምራል። ጽሑፉን ከ400 ቃል አያሳልፉ፤ እልልታና ጭብጨባ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ እንግዶቹን በ«ከፍትፍቱ ፊቱ» ያመስግኑ፣ መሐሉን ለሎሚው ይስጡት፣ ልጆቹን የሚመለከተውን ምክር በወርቁና በመዳቡ ይበሉ። «የሀገሬ ሰው ሲተርት» ብለው ይግቡ ወይም «እንዲሉ አበው» ብለው ይዝጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ ላይ አይጨምሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ተናግረው ለሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ይበሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን ግማሽ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ እዚያ ያደጉትም አባባሉ የሁሉም መሆኑን ያዩታል። ለእነሱ ሲሉ ምሳሌውን በእንግሊዝኛ አይድገሙት፤ ቅኝቱ ይሰበራል። ይልቁንም ከምሳሌው በፊት ዕቃውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቁ፤ ሎሚው በእጃቸው ካለ ይህም አያስፈልግም።

ምሳሌና ምርቃትን አይቀላቅሉ። «ውለዱ ክበዱ»፣ «ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ» ምርቃት ናቸው፤ ታዳሚው «አሜን» ይላል። ምሳሌ አሜን አይባልለትም። እርስዎ ከአዳራሹ ታናሽ ከሆኑ ምርቃቱን ለሽማግሌ ይተዉና በ«እንኳን ደስ አላችሁ» ይጨርሱ፤ መልሱ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ነው፣ ልጆቹን አስቀድመው ያለማምዷቸው።

የጥሪ ወረቀቱ ሲታተም ስንኙን በሁለት መስመር ይክፈሉት፦ አንደኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣» ሁለተኛው «ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» መስመሩ «ሰው» ላይ ከተቆረጠ ምቱ ይጠፋል። በግእዙ ሥርዓት «ኀምሳ» ነው፣ ጋዜጣው «ሃምሳ» ይለዋል፤ አንዱን ይምረጡና በሁለቱም መስመር ያንኑ ይጻፉ። «ሠርግ» በንጉሡ ሠ ይሁን። አማርኛ የማያነብ አታሚ ጋር ከሆነ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን እንዳይቀየር ጽሑፉን በሥዕል መልክ ይላኩለት፣ ከመታተሙ በፊትም አንድ ቅጂ አስወጥተው ለእናትዎ ያስነብቡ። ከሥሩ «የአበው ብሂል» ብለው ይጻፉ፤ «ደራሲው ያልታወቀ» የሚለው ለግጥም እንጂ ለተረት አይሆንም።